ሞተሩን ከመውቀስ በፊት፦ ያገለገለ የድንጋይ ማለስለሻ ማሽን እንዴት ይጠገናል?

በኦክላንድ አጠገብ በምትገኘው አላሜዳ ደሴት፣ በቀድሞው የባሕር ኃይል የአየር ጣቢያ ሜዳ ላይ፣ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሰፊ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። የገበያው ደንብ ለሽያጭ የሚቀርበው ዕቃ ቢያንስ 20 ዓመት ያስቆጠረ እንዲሆን ያዛል። በሳን ሆዜ ደግሞ የቤሪየሳ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1960 ተከፍቶ ለብዙ ዓመታት ሲታወቅ ኖሯል። በሁለቱ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ለልጆቻቸው ርካሽና አስተማሪ ነገር ሲፈልጉ እንዲህ ባሉ ስፍራዎች ሊያገኟቸው ከሚችሏቸው ዕቃዎች አንዱ የድንጋይ ማለስለሻ ማሽን ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ ሮክ ተምብለር ይባላል።

ገዢው ማሽኑን ቤቱ ወስዶ ሲሰካው ግን ከሦስት ችግሮች አንዱ ሊገጥመው ይችላል፦ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፤ ሞተሩ ይዞራል እንጂ በርሜሉን አያንቀሳቅስም፤ ወይም እየጮኸ ይሞቃል። ብዙዎች ወዲያውኑ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ብለው ይፈርዱና ማሽኑን ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሸኙታል። ይህ ፍርድ ብዙውን ጊዜ የተቻኮለ ነው። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ድንጋዩን የሚያለሰልሰው ሰበቃ ነው፤ ማሽኑን የሚያቆመውም ያው ሰበቃ ነው። ልዩነቱ ሰበቃው በርሜሉ ውስጥ መቅረቱ ወይም ወደ ውጭ መውጣቱ ብቻ ነው።

የወንዝ ሥራ በአራት ሳምንት

ወንዝ ሹል ድንጋይን እያንከባለለ በረጅም ዘመን አሎሎ ያደርገዋል። ማለስለሻው ይህንኑ በአንድ ወር ገደማ ይሠራል። የጎማ በርሜል በሁለት አግድም ዘንጎች ላይ ይተኛል፤ አንደኛውን ዘንግ ሞተሩ በቺንጋ ያዞረዋል፤ ዘንጉም በርሜሉን ያሽከረክረዋል። በርሜሉ ውስጥ ድንጋይ፣ ውኃና የመሞረጃ ዱቄት አለ።

ዱቄቱ አብዛኛውን ጊዜ ሲሊከን ካርባይድ ነው። ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞስ የጥንካሬ መለኪያ ከ9 በላይ ሲሆን፣ ለማለስለስ የሚመረጡት የኳርትዝ ወገን ድንጋዮች 7 አካባቢ ናቸው። ሥራው በአራት ደረጃ ይከናወናል፤ እያንዳንዱ ደረጃ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። መጀመሪያ 60/90 ተብሎ የሚታወቀው ሻካራ ዱቄት፣ ቀጥሎ 120/220፣ ከዚያ 500፣ በመጨረሻም እንደ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ያለ የመወልወያ ዱቄት ይገባል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዱቄቱ ይደቃል።

ፍጥነቱም የራሱ ልክ አለው። በርሜሉ ከመጠን በላይ ቢፈጥን ድንጋዮቹ ግድግዳው ላይ ተጣብቀው ይዞራሉ እንጂ እርስ በርሳቸው አይፋተጉም። 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው በርሜል ይህ ወሰን በደቂቃ 127 ዙር ገደማ ነው፤ ማሽኖቹ ከዚህ እጅግ ዝቅ ብለው ይሠራሉ። በደቂቃ 40 ጊዜ የሚዞር በርሜል በቀን 57,600፣ በ28 ቀን ደግሞ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ዙር ይዞራል። ኩሽኔታዎቹ ያለ ዘይት ይህን ሁሉ ዙር እንዲሸከሙ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ብልሽቱን ለሁለት መክፈል

የምርመራው ዋና ዘዴ ማሽኑን ለሁለት መክፈል ነው፤ በአንድ በኩል ሞተሩ፣ በሌላ በኩል ሞተሩ የሚያዞራቸው ነገሮች። በቅድሚያ ማሽኑ ከሶኬት ይነቀላል። ይህ ለማንኛውም ጥገና የማይታለፍ ሕግ ነው። ከዚያ በርሜሉ ይነሣል፣ መከለያው በካቻቢቴ ይፈታል፣ ቺንጋውም ይወልቃል።

አሁን ዘንጎቹን በጣት ማዞር ነው። ጤነኛ ዘንግ በቀላል ግፊት ይሽከረከራል። የሚይዝ፣ የሚንቋቋ ወይም በግድ የሚዞር ከሆነ ችግሩ ኩሽኔታው ላይ ነው። ቀጥሎ የሞተሩ ዘንግ በጣት ይዞራል። እርሱም ነጻ ከሆነ ማሽኑ ያለ ቺንጋው፣ እጅ ከተንቀሳቃሽ አካላት ርቆ፣ ለጥቂት ሰከንድ ይሰካል። ሞተሩ ብቻውን በጸጥታ ከዞረ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ቀሪው ወገን ላይ ይፈለጋል። ብቻውን ሆኖም የሚያጉረመርምና የማይዞር ከሆነ ተነቅሎ የሞተሩ ዘንግ በሚያርፍባቸው ሁለት ጫፎች ላይ አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ይደረግና በእጅ እየዞረ እንዲሰርግ ይደረጋል። ከዚህም በኋላ ካልተነሣ፣ ወይም የመቃጠል ሽታ ካለው፣ ያን ጊዜ ሞተሩን መውቀስ ይቻላል።

ያረጀው የኤሌክትሪክ ገመድም መታየት አለበት። ሽፋኑ የተሰነጠቀ ወይም ሽቦው የሚታይ ከሆነ ማሽኑ ገመዱ ሳይቀየር አይሰካም፤ ውኃ በያዘ በርሜል ሥር የሚሠራ ዕቃ ነውና።

ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ በርሜል

ሞተሩ እየዞረ በርሜሉ ከቆመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቺንጋው ነው። በዕድሜ ብዛት ይለጠጣል፣ ገጹም እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ፍቱኑ መድኃኒት በተመሳሳይ ልክ መቀየር ነው። ይሁን እንጂ አዲሱ ከመጠን በላይ መወጠር የለበትም። የተወጠረ ቺንጋ አይንሸራተትም፤ ነገር ግን ዘንጉን ወደ ጎን እየሳበ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ሞተሩንም ያግለዋል።

ቺንጋው ደህና ሆኖ በርሜሉ የሚንሸራተት ከሆነ የበርሜሉን ውጫዊ ገጽና ዘንጎቹን ማየት ያስፈልጋል። ዘይት፣ ውኃ ወይም ጭቃ ካለባቸው በሳሙና ታጥበው በደንብ ይደርቃሉ። ሌላው ምክንያት ከአቅም በላይ ጭነት ነው። 3 ፓውንድ፣ ማለትም 1.36 ኪሎ ግራም ገደማ፣ እንዲሸከም የተሠራ ማሽን ክብደቱ የሚሰላው ድንጋዩ፣ ውኃውና ዱቄቱ አንድ ላይ ተደምረው ነው። በርሜሉ በድንጋይ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛው ይሞላል፤ ውኃው ከላይኛው ድንጋይ ትንሽ ዝቅ ይላል።

ጩኸት ሲሰማ መልእክቱ አንድ ነው፤ ኩሽኔታው ደርቋል። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጠብታ የማሽን ዘይት ይበቃል። የተረፈው ዘይት ወደ ቺንጋውና ወደ ጎማው ስለሚሄድ ሌላ ብልሽት ይወልዳል። ዝገት ለማላቀቅ የሚረጩ ቀጫጭን ፈሳሾች ደግሞ ጩኸቱን ለጊዜው ዝም ቢያሰኙም ቶሎ ስለሚተኑ የዘይትን ቦታ አይተኩም።

ለእነዚህ ብልሽቶች ብዙዎቹ መነሻ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ የበርሜሉ ክዳን። ክዳኑ ሲያፈስ የሚወጣው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ብረት የሚበላ ዱቄት አብሮ ይወጣል። ያ ዱቄት በዘንጉ በኩል ወደ ኩሽኔታው ይገባል፣ ኩሽኔታውን ይሞርደዋል፣ የተሞረደው ኩሽኔታ ዘንጉን ይይዘዋል፣ ሞተሩም ከአቅሙ በላይ እየገፋ ይሞቃል። አንድ ጠብታ በጊዜ ካልተገታ ሞተር ይገድላል የሚባለው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ክዳኑ በተገጠመ ቁጥር የክዳኑና የበርሜሉ አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ አንዲት ፍሬ ዱቄት እንኳ መፍሰሻ ቀዳዳ ትከፍታለች። ማለስለሻ ቅባት ካስፈለገ የሲሊኮን ግራሶ ይመረጣል፤ ከነዳጅ የሚሠሩ ቅባቶች ጎማን ያሳብጣሉ።

ያገለገለ በርሜል ሌላም ምሥጢር ይደብቃል። የቀድሞው ባለቤት የተጠቀመበት ሻካራ ዱቄት ጎማው ውስጥ ተሰንቅሮ ሊቀርና በመወልወያው ሳምንት ወጥቶ ድንጋዩን ሊቧጭር ይችላል። የወር ልፋት የሚበላሸው እንዲህ ነው። በርሜሉ በውኃ፣ በጥቂት ሳሙናና በማይፈለጉ ጠጠሮች ለተወሰኑ ሰዓታት ዞሮ ቢታጠብ ይጠራል። ከተቻለ ለመወልወያው ደረጃ ብቻ የሚውል ሌላ በርሜል መያዝ ይሻላል።

ማሽኑ ወደ አገር ቤት ሲላክ

የተጠገነውን ማሽን ለወንድም ልጅ ወይም ለትምህርት ቤት ወደ ኢትዮጵያ መላክ የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። በቀጥታ የተሰካ የአሜሪካ ሞተር ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያወርዳል፤ ኸርዙን ግን አይለውጥም። በእነዚህ ማሽኖች ላይ የሚገጠሙት ሞተሮች ፍጥነታቸው በኸርዙ ስለሚወሰን ማሽኑ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ይዘገያል፤ ይበልጥም ይሞቃል። የሥራው ቀናት ይረዝማሉ፤ ጭነቱን መቀነስና አየር እንደ ልብ በሚያገኝበት ቦታ ማስቀመጥም ግድ ይሆናል። ለ220 ቮልት የተሠራ ሞተር መቀየር ከሁሉ የተሻለ ነው።

መብራት ሲጠፋም ዱቄቱና ጭቃው ወደ ታች ይረጋሉ። ለረጅም ሰዓት ከቆመ በርሜሉን እንደገና ከማስነሣት በፊት በእጅ ማገላበጥ ሞተሩን ከከባድ አጀማመር ያድነዋል።

ምን አይገባበትም?

ማሽኑ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ በርሜሉ ውስጥ የሚገባው ድንጋይ ነው። ይህ ጥያቄ ጤናን ይነካል። ከሳን ሆዜ በስተደቡብ ሞርጋን ሂል አካባቢ የሚታወቀው ቀይና ቢጫ ነጠብጣብ ያለው ጃስፐር ለዚህ ሥራ የተመቸ ጠንካራ ድንጋይ ነው። ሁለት የአካባቢው ድንጋዮች ግን ከበርሜሉ መራቅ አለባቸው።

አንደኛው ሰርፐንታይን ነው። አረንጓዴና አንጸባራቂ በመሆኑ ልጆችን ይማርካል፤ ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ1965 የግዛቷ መለያ ድንጋይ አድርጋዋለች። በኦክላንድ ኮረብታዎች በሬድውድ ፓርክ ይገኛል። ነገር ግን አስቤስቶስ ሊይዝ ይችላል። ሲፈጭ የሚወጣው ጭቃ ሲደርቅ ለሳንባ አደገኛ ክሮችን ወደ አየር ይለቃል። ሁለተኛው የሳን ሆዜው ቀይ ሲናባር ነው። በኒው አልማዴን እ.ኤ.አ. በ1845 የታወቀውና ለረጅም ዘመን ሲመረት የኖረው ይህ ማዕድን የሜርኩሪ ምንጭ ነው። ከዚህም ሌላ በምሥራቅ ቤይ የክልል ፓርኮች ድንጋይ ማንሣት በደንብ የተከለከለ ስለሆነ፣ ድንጋይን ከሻጭ መግዛት ወይም ከባለ ይዞታ አስፈቅዶ መውሰድ ይመከራል።

ሦስተኛው ለኢትዮጵያውያን የቀረበ ነው፤ የወሎ ኦፓል። እ.ኤ.አ. በ2008 ወገልጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ በዓለም ገበያ ስሙ የገነነው ይህ ዕንቁ ጥንካሬው ከ5.5 እስከ 6.5 ብቻ ነው፤ በርሜል ውስጥ ከኳርትዝ ጋር ቢገባ ያልቃል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ውኃ መምጠጡ ነው። ንጹሕ ውኃ ሲጠጣ ኅብረ ቀለሙ ለጊዜው ይጠፋና ሲደርቅ ሊመለስ ይችላል፤ ቆሻሻ ጭቃ ከጠጣ ግን ቀለሙ ሊበላሽ፣ በፍጥነት ከደረቀም ሊሰነጠቅ ይችላል። ከአገር ቤት በስጦታ የመጣ ኦፓል በዚህ ማሽን «ይወልወል» ተብሎ ሊታሰብ አይገባም፤ ቦታው የኦፓል ባለሙያ እጅ ነው።

ጭቃውና የሳምንቱ ልማድ

ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላ የሚቀረው ግራጫ ጭቃ ወደ እቃ ማጠቢያ አይደፋም፤ ቧንቧ ውስጥ ሲረጋ እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል። ወደ ጎዳና ፍሳሽም አይለቀቅም፤ በኦክላንድና በሳን ሆዜ የጎዳና ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይወርዳል። በባልዲ አጥልሎ፣ ጭቃውን እርጥብ እንደሆነ በላስቲክ አስሮ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር መጣል ይቻላል። የደረቀውን መጥረግና ማቡነን ግን ክልክል ነው፤ የድንጋይ ብናኝ ሲሊኮሲስ የተባለውን የሳንባ በሽታ ያመጣል።

የማሽኑ እንክብካቤ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። በየቀኑ ድምፁን መስማትና ሞተሩን መከታተል፤ ለብ ማለቱ የተለመደ ነው፣ እጅ የማያስነካ ትኩሳት ግን የማቆሚያ ምልክት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክዳኑን በቀን አንድ ጊዜ መክፈት፤ አንዳንድ ድንጋዮች ጋዝ ስለሚያመነጩ ክዳኑ ሊነፋ ይችላል። ደረጃ በተቀየረ ቁጥር የበርሜሉን አፍ መጥረግ፣ ዘንጎቹን ማጽዳትና ኩሽኔታዎቹን ማየት። ማሽኑም ሥሩ ትሪ ተደርጎ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ፣ ሳይከደን ይቀመጣል።

በአሮጌ ዕቃ ገበያ የቆመ ማለስለሻ ያገኘ ሰው እንግዲህ ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል፤ ከመግዛቱ በፊት በርሜሉን አንሥቶ ዘንጎቹን በጣቱ ማዞር፣ ክዳኑ ዙሪያም የደረቀ ግራጫ ጭቃ መኖሩን ማየት። ጣቱ የነጻ ዘንግ ካገኘና ክዳኑ ንጹሕ ከሆነ፣ ማሽኑ አዲስ ቺንጋና ጥቂት ጠብታ ዘይት ብቻ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።