የዲሊ ማቆያና ከበሩ ውጭ የሚጠብቁት ምእመናን

ዲሊ ከሳን አንቶንዮ ወደ ደቡብ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ የመኪና መንገድ የምትገኝ፣ በሐብሐብ እርሻዋ ስሟ የሚነሣ ትንሽ የቴክሳስ ከተማ ናት። በ2014 መጨረሻ ግን በአሜሪካ ትልቁ የስደተኛ እናቶችና ልጆች ማቆያ እዚያ ተከፈተ፤ 2,400 ሰው ይይዛል። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ቤተሰብ አይያዝበትም ተባለ። በ2024 ጭራሽ ተዘጋ። በማርች 2025 እንደገና ቤተሰብ ገባበት። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ሁሉ መካከል ፕሬዚዳንቶች ተቀያይረዋል፣ ዳኞች ወስነዋል፣ የውሳኔው ትርጉም ደግሞ ሌላ ክርክር ወልዷል። ያልተቀያየሩት ሁለት ወገኖች ናቸው፦ ማቆያውን የሚያስተዳድረው ኮርሲቪክ የተባለ የግል ኩባንያ፣ እና ከማቆያው የሚወጡትን ለመቀበል ብርድ ልብስና ስንቅ ይዘው የሚጠብቁት የአካባቢው ምእመናን። ስለ ኩባንያው ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚገርሙኝ ሁለተኛዎቹ ናቸው።

ነገሩን የአንድ ፓርቲ ኃጢአት አድርጎ ማቅረብ ለክርክር ይመቻል፤ ታሪኩ ግን እንዲያ አይደለም። በፔንሲልቬንያ በርክስ አውራጃ፣ ቀድሞ የአረጋውያን መጦሪያ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ቤተሰብ መያዝ የተጀመረው በ2001 ነው። በ2006 በጆርጅ ቡሽ ዘመን፣ ቴይለር በተባለች የቴክሳስ ከተማ ያለው ሃቶ የተባለ የቀድሞ እስር ቤት ለቤተሰብ ተመደበ። ልጆች የእስረኛ ልብስ ለብሰው ይውሉ ነበር። በዓመቱ የሉተራውያን የስደተኞች አገልግሎት ከሴት ስደተኞች ኮሚሽን ጋር ሆኖ ውስጡን የሚያሳይ ሪፖርት አወጣ፤ የሲቪል መብት ጠበቆችም ከሰሱ። በ2009 የኦባማ መንግሥት ቤተሰቦችን ከሃቶ አስወጣ። በ2014 ከኤል ሳልቫዶር፣ ከጓቲማላና ከሆንዱራስ የሚመጣው ሰው ሲበረክትና በደቡብ ድንበር የተያዙት የቤተሰብ አባላት በአንድ የበጀት ዓመት 68,000 ሲያልፉ፣ እኚሁ ኦባማ በኒው ሜክሲኮ በረሃ አርቴሲያን፣ በቴክሳስ ደግሞ ካርንስንና ዲሊን ከፈቱ። የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ ጄ ጆንሰን ዓላማውን አልደበቁም፦ በኋላ ለሚመጡት መልእክት ይሁን ነው። በ2015 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ሌላውን ለማስፈራራት ሲባል ሰው ይዞ ማቆየት አይቻልም ብሎ ይህንን ምክንያት አገደ።

ትልቁ የሕግ ቋጠሮ ግን ፍሎሬስ የሚባለው ስምምነት ነው። በ1985 በአንዲት የ15 ዓመት የኤል ሳልቫዶር ልጅ ስም የተጀመረው ክስ በ1997 በስምምነት አለቀ፦ ልጆች ያለ መጓተት ይለቀቁ፤ የሚቆዩ ከሆነም የሕፃናት ማሳደጊያ ፈቃድ ባለው ቦታ ይቆዩ። በ2015 ዳኛ ዶሊ ጊ ይህ ከወላጆቻቸው ጋር ለተያዙ ልጆችም ይሠራል ብለው ወሰኑ፤ ልጆች የሚያዙበት ጊዜ ወሰንም በልማድ 20 ቀን ገደማ ሆነ። እንግዲህ መንግሥት ልጁን ሲለቅ እናቱንስ ምን ያድርጋት? ወይ አብራ ትለቀቃለች፣ ወይ ትለያለች፣ ወይ ስምምነቱ ይሻራል። በአሜሪካ ላለፉት አሥርት ዓመታት የሚካሄደው ጭቅጭቅ በአመዛኙ ከእነዚህ ከሦስቱ አይወጣም። በ2018 የትራምፕ መንግሥት ሁለተኛውን መረጠና በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ከወላጆቻቸው ለየ።

መጽሐፍ ቅዱስ በይፋ ወደ ክርክሩ የገባው ያኔ ነው። የፍትሕ ሚኒስትሩ ጄፍ ሴሽንስ በጁን 2018 ኢንዲያና ላይ ሲናገሩ፣ ለመንግሥት መታዘዝን የሚያስተምረውን የሮሜን መልእክት ምዕራፍ 13 ጠቅሰው ፖሊሲውን ተከላከሉ። ሴሽንስ የሜቶዲስት ምእመን ናቸው፤ ከ600 የሚበልጡ የዚያው ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችና አባላት በቤተ ክርስቲያኒቱ ደንብ መሠረት ከሰሷቸው። ክሱ ፍሬ አላፈራም፤ የፖለቲካ ሥራ በደንቡ አይዳኝም ተባለ። (ጳውሎስ ራሱ በባለሥልጣናት እጅ ደጋግሞ የታሰረ ሰው መሆኑን በዚያ ሰሞን ያላነሣ ሰባኪ ጥቂት ነው።)

የተቃዋሚዎቹ ጥቅስ ሌላ ነው፦ ስለ መጻተኛ የሚናገረው ዘሌዋውያን 19፣ የታሰረን መጠየቅ የፍርድ ቀን መለኪያ የሚያደርገው ማቴዎስ 25፣ እንግዳ መቀበልንና እስረኛ ማሰብን ባንድነት የሚያነሣው ዕብራውያን 13። ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ግን ጥቅስ ሳይሆን ሥዕል ነበር። በጁላይ 2018 በኢንዲያናፖሊስ ክራይስት ቸርች የተባለው የኤጲስቆጶሳውያን ካቴድራል የማርያምን፣ የዮሴፍንና የሕፃኑን ሐውልት በሽቦ አጥር ውስጥ አድርጎ ደጁ ላይ አቆመ። በ2019 የገና ሰሞን በካሊፎርኒያ የክሌርሞንት ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሦስቱን በሦስት የተለያዩ አጥሮች ውስጥ አስቀመጠ። ብዙ አሜሪካዊ ተቆጣ፣ ገናችንን አታበላሹ አለ። ከመስከረም 26 ጀምሮ አርባ ቀን የእመቤታችንን ስደት እያሰበ ጽጌን ለሚጾም የእኛ ሰው ግን ቅድስት ቤተሰብ ስደተኛ ነበረች መባሉ አዲስ ነገር አይደለም።

ክርስቲያኑ ሁሉ ግን በአንድ ወገን አልቆመም። ከነጭ ወንጌላውያን አብዛኛው ለጥብቅ የስደት ሕግ ድምፁን ሰጥቷል፤ መከራከሪያውም በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፦ ድንበር መጠበቅ የመንግሥት ሥራ ነው፣ ሰው አስቀድሞ ለቤቱና ለአገሩ ሰው ኃላፊነት አለበት ይላል። ምክትል ፕሬዚዳንት ጄ ዲ ቫንስ በጃንዋሪ 2025 ይህንኑ ከጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር አያይዘው ፍቅር ተራ አለው ብለው ተከራከሩ። የካቶሊኩ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በቀጣዩ ወር ለአሜሪካ ጳጳሳት በላኩት ደብዳቤ፣ የፍቅር ተራ ምን እንደሆነ መማር የፈለገ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ እንዲያሰላስል መከሩ። በሌላ በኩል በ2018 ልጅ ከእናቱ ሲለይ ግን ለትራምፕ ቅርብ የሆኑት ወንጌላዊው ሰባኪ ፍራንክሊን ግራሃም ሳይቀሩ አሳፋሪ ነው ብለዋል። እዚህ ላይ አንድ ትዝብት አለኝ። በጁን 20 ቀን 2018 ትራምፕ ቤተሰብ መለየቱ ይቁም ብለው ሲፈርሙ፣ ትእዛዙ ያለው አብረው ይታሰሩ ነው። ከለቅሶው ብዙው እዚያው በረደ። መለያየትን ማውገዝ ቀላል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እስር ማውገዝ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ያ ትዕግሥት የታየው በዲሊና በካርንስ ዙሪያ ነው። በሳን አንቶንዮ አንድ የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን አለ። ሜኖናይቶች ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደሉም፤ የእኛው መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከእነሱ ተልእኮ የተገኘ ነው፣ በ1982 ደርግ ሲዘጋውም መሪዎቹ ለዓመታት ታስረዋል። የሳን አንቶንዮው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሬይሴስ ከተባለ የስደተኞች የሕግ ድርጅት ጋር ሆኖ፣ ከማቆያ ለሚወጡ ሴቶችና ልጆች ማረፊያ ቤት ከፍቶ ነበር። በዲሴምበር 2016 መጀመሪያ አንዲት የቴክሳስ ዳኛ፣ እነዚህ ማቆያዎች የሕፃናት ማሳደጊያ ፈቃድ ሊሰጣቸው አይችልም ብለው ወሰኑ። በዚያው ቅዳሜና እሑድ ከሁለቱ ማቆያዎች ከ460 የሚበልጡ እናቶችና ልጆች ተለቀቁ። ባለሥልጣናቱ ከውሳኔው ጋር አይያያዝም አሉ። ማረፊያ ቤቱ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ቤተ ክርስቲያኑም በሩን ከፈተ፣ ሰዎቹም እዚያ አደሩ። ምግቡ፣ ፍራሹ፣ ዳይፐሩ፣ ስልክ የሚደውልላቸው ሰው፣ ሁሉም የተገኘው ከተለያዩ አጥቢያዎች ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ ነው። በ2014 በሳን አንቶንዮ የተቋቋመው የተለያዩ እምነቶች ጥምረት ሰዎች ግሬይሃውንድ መናኸሪያ እየቆሙ የጀርባ ቦርሳ ያድላሉ፤ ውስጡ ስንቅ፣ ብርድ ልብስ፣ ለልጅ መጫወቻ አለ። ድንበሩ አጠገብ ባለችው በማካለን ደግሞ ሲስተር ኖርማ ፒሜንቴል በ2014 በከፈቱት የካቶሊክ ማረፊያ አንዲት እናት ስትሸኝ ትልቅ የወረቀት ፖስታ ይሰጣታል። በፖስታው ላይ እንግሊዝኛ እንደማትችልና የትኛውን አውቶቡስ መያዝ እንዳለባት እንዲያሳይዋት የሚለምን ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል አለ። ውስጡ ትኬቷና የፍርድ ቤት ወረቀቷ ነው። ያ ወረቀት ከጠፋ ቀጠሮው ያልፋል፤ ቀጠሮ ካለፈ በሌለችበት ከአገር እንድትባረር ሊወሰንባት ይችላል። ስለዚህ የፖስታው ነገር ከስንቁ አያንስም።

ይህ ሥራ ከበጎ አድራጎት አልፎ ማስረጃ ሆኗል። ማቆያ የሚያስፈልገው ሰዎቹ ከተለቀቁ ፍርድ ቤት ስለማይቀርቡ ነው የሚለውን ክርክር ያፈረሰው አንድ የመንግሥት ሙከራ ነበር። ከጃንዋሪ 2016 እስከ ጁን 2017 በአምስት ከተሞች ቤተሰቦች ቤታቸው ሆነው አንድ አማካሪ እንዲከታተላቸው ተደረገ፤ በአንዳንዶቹ ከተሞች ሥራውን የያዙት የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶች ነበሩ። ለአንድ ቤተሰብ የወጣው በቀን 40 ዶላር እንኳ አይሞላም፤ በማቆያ ግን ለአንድ ሰው በቀን ከ300 ዶላር በላይ ይወጣ ነበር። ቤተሰቦቹ ቀጠሯቸውን 99 በመቶ አክብረዋል። ፕሮግራሙ ግን ተዘጋ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2017 ለአጭር ጊዜም ቢሆን መታሰር ሕፃን እንደሚጎዳ ገልጾ፣ ልጆች በእነዚህ ማቆያዎች እንዳይያዙ ጠይቋል።

አብያተ ክርስቲያናቱ ራሳቸው ግን ከነቀፋ ነጻ አይደሉም። በ2018 ከወላጆቻቸው የተለዩትን ሕፃናት በመንግሥት ውል በአሳዳጊ ቤተሰብ ካስቀመጡት መካከል የሉተራውያኑ አገልግሎትና ቤታኒ የተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅት ይገኙበታል። አንዳንዱ ልጆቹን ማን ይቀበላቸው ነበር አለ፤ ሌላው ደግሞ እናንተ ባትኖሩ መንግሥት ይህን ባልደፈረ ብሎ ወቀሰ። እኔ በመጀመሪያው ወገን ነኝ፤ ነገር ግን የሁለተኛው ጥያቄ ውል በታደሰ ቁጥር መነሣት ያለበት ነው። በመንግሥት ገንዘብ የሚኖር ምጽዋት ምላሱ ይታሰራል።

በሌላ በኩል ዛሬ ማረፊያ መስጠቱም ራሱ ወንጀል እየተባለ ነው። በኤል ፓሶ ከ1978 ጀምሮ ስደተኛ የሚያሳድረውን አነንሲዬሽን ሃውስ የተባለ የካቶሊክ ቤት የቴክሳስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኬን ፓክስተን በ2024 ሊያዘጉት ተነሡ፤ ሰው ይደብቃል ነው ክሱ። የአውራጃው ዳኛ ለቤቱ ፈረዱለት፤ የቴክሳስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜይ 2025 ያንን ሽሮ ዐቃቤ ሕጉ ክሳቸውን እንዲቀጥሉ ፈቀደ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የኢሚግሬሽን ፖሊስ በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ሰው እንዳይዝ ይገድብ የነበረው መመሪያ ተነሣ። በአሜሪካ የሚገኘው የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን ሌሎች 26 የክርስቲያንና የአይሁድ ማኅበራትን ይዞ ከሰሰ፤ በኤፕሪል የጠየቁት ጊዜያዊ እግድ ተከለከለ። በሌላ ክስ ኩዌከሮችና አብረዋቸው የከሰሱት ለራሳቸው የጸሎት ቤቶች ብቻ እግድ አግኝተዋል። በጁላይ 2025 የወጣው የበጀት ሕግ ለስደተኞች ማቆያ የመደበው 45 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ የቤተሰብ ማቆያም ከውስጡ አለ።

ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብራዚል ጀምረው፣ የዳሪየንን ጫካ አቋርጠው በሜክሲኮ በኩል ወደዚሁ ድንበር ከደረሱ ዓመታት ተቆጥረዋል። በቴክሳስ መናኸሪያ የሚቆሙት በጎ ፈቃደኞች ግን በአመዛኙ የሚችሉት ስፓኒሽ ነው፤ አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ የምታውቅ እናት ፖስታዋን ይዛ ትቆማለች። በዳላስ፣ በሂውስተን፣ በዋሽንግተንና በሌሎችም ከተሞች ያሉ የሐበሻ አጥቢያዎች፣ ኦርቶዶክሱም ወንጌላዊውም መስጊዱም፣ በስልክ የሚያስተረጉሙ ሁለትና ሦስት ሰዎችን ስም ለእነዚህ ማረፊያዎች ቢልኩ ገንዘብ ከመላክ የበለጠ ይጠቅማል። ዘመድ የተያዘበት ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ የተያዘ ሰው የሚፈለግበት የመንግሥት ድረ ገጽ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ አያሳይም። ስለዚህ መፈለግ ያለበት በእናቱ ወይም በአባቱ ስም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለ ዘጠኝ አሃዙን የስደተኛ መለያ ቁጥር (ኤ ነምበር) ይዞ ነው። ቁጥሩን ከመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ላይ ጠይቁ፣ በወረቀት ጻፉት፣ ለጠበቃና ለአጥቢያው ሰው አንድ አንድ ቅጂ ስጡ።