የአንድን ድምፃዊ ሥራ በሙሉ መሰብሰብ፤ ከመዝናኛ እስከ ቅርስ ጥበቃ

ሳንጃ፡- የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሳንጃ ከጎንደር ተነስቶ ወደ ሁመራ በሚያመራው መንገድ ላይ ትገኛለች። ለሰሊጥ አረማና አጨዳ ወደ ቆላው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ነጋዴውና አሽከርካሪው የሚያልፉባት እንደመሆኗ የሙዚቃ ካሴትም ለረጅም ዘመን በዚሁ መንገድ ሲመላለስ ኖሯል። ዛሬ ካሴት አዲስ አይታተምም፤ ሙዚቃ የሚደመጠው በአብዛኛው በእጅ ስልክ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ሳንጃ ባሉ ከተሞች በየቤቱ ሣጥንና በየቁም ሣጥኑ የቀሩት አሮጌ ካሴቶች ምን እንደያዙና እስከ መቼ እንደሚቆዩ የሚጠይቅ ወገን ብዙ አይደለም።

የአንድን ድምፃዊ ሥራ አንድም ሳያስቀር ለመያዝ የሚጥር የሙዚቃ አፍቃሪ በየዘመኑ ነበረ። የሚወደው ድምፃዊ አዲስ "ሙሉ ካሴት" ባወጣ ቁጥር ቀድሞ ይገዛል፤ ለማንም አያውስም፤ ቴፑ ክር ሲበላበት በእስክሪብቶ አጠንጥኖ ይመልሰዋል። ይህ ልማድ በብዙዎች ዘንድ እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ሲታይ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሕትመት ታሪክ ሲመረመር ግን እነዚህ ሰብሳቢዎች ሳያውቁት የአገሪቱን የድምፅ ቅርስ ሲጠብቁ እንደኖሩ መረዳት ይቻላል።

ከጎንደር የተነሳች ድምፃዊት

ለዚህ አንዷ ማሳያ በጎንደር የተወለደችው ድምፃዊት አስቴር አወቀ ናት። እ.ኤ.አ በ1959 የተወለደችው አስቴር የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ስትሆን ያደገችው በአዲስ አበባ ነው። በወጣትነቷ በአገር ፍቅር ቴአትር፣ ቀጥሎም ከአይቤክስና ከሌሎች የሆቴል ባንዶች ጋር ተጫውታለች። እ.ኤ.አ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዳ በዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መዝፈኗን ቀጠለች።

ስለ አስቴር በውጭ ቋንቋ የሚጽፉ ብዙዎች የአልበሞቿን ዝርዝር የሚጀምሩት በስሟ ከተሰየመውና እ.ኤ.አ በ1989 በእንግሊዝ አገር ትሪፕል ኧርዝ በተባለው አሳታሚ ከወጣው ሥራዋ ነው። እ.ኤ.አ በ1991 "ካቡ"፣ በ1993 "እቦ"፣ በ1999 "ሀገሬ"፣ በ2006 "ፍቅር"፣ በ2010 "ጨጨሆ"፣ በ2019 ደግሞ "ጨዋ" የተሰኙት አልበሞች ተከትለዋል። እነዚህን በሲዲ ወይም በኢንተርኔት ፈልጎ ማግኘት ብዙም አያስቸግርም።

አስቴር ከአገር ከመውጣቷ በፊት ግን አሊ ታንጎ በመባል የሚታወቁት የሙዚቃ ነጋዴ አሊ አብደላ ካይፋ አምስት ካሴቶችና ሁለት ሸክላዎች አሳትመውላታል። በዓለም አቀፍ አሳታሚዎች የተዘጋጀውን ዝርዝር ብቻ ተከትሎ የሚሰበስብ ሰው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ ያጣዋል። የወጣትነት ድምፅዋ፣ በጊዜው የነበረው የባንድ አጨዋወትና የአዲስ አበባ የምሽት መድረክ መንፈስ የሚገኙት በእነዚያ ቀደምት ካሴቶች ላይ ነው። ካሴቶቹን ያቆዩት ደግሞ በአብዛኛው ገዝተው በቤታቸው ያስቀመጧቸው አድማጮች ናቸው።

"ሙሉ" ማለት ምን ማለት ነው?

የአንድን ድምፃዊ ሥራ በሙሉ መያዝ ሲባል እንደየዘመኑ የተለያየ ትርጉም አለው። ሸክላ ማሳተም ለረጅም ጊዜ እ.ኤ.አ በ1948 በወጣ ድንጋጌ መሠረት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ነበር። ሐራምቤ የተባለ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው አቶ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ በ1969 ይህን ገደብ ተሻግረው የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ በማሳተም በራሳቸው ስም የሚታወቀውን የሸክላ ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ እስከ 1975 እ.ኤ.አ ድረስ ባሉት ዓመታት 103 ነጠላ ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን ለገበያ አቅርቧል።

ከእነዚህ አኃዞች መረዳት እንደሚቻለው የዚያ ዘመን ዋነኛ የሕትመት ውጤት አልበም ሳይሆን በሁለት ገጽ ሁለት ዘፈን የሚይዝ ነጠላ ሸክላ ነበር። በመሆኑም የዓለማየሁ እሸቴን ወይም የጥላሁን ገሠሠን "አልበሞች በሙሉ ይዣለሁ" የሚል ሰው ነጠላ ሸክላዎቹን ካልያዘ ስብስቡ ጎደሎ ነው። በአገር ፍቅር ጀምሮ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የገነነው ጥላሁን ከሸክላ ዘመን በፊት በመድረክና በሬዲዮ የተጫወታቸው ሥራዎች ደግሞ ጭራሹን ለገበያ ባልቀረበ መልክ የቆዩ ናቸው። ጥላሁን ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም፣ በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ ከሕዝቡ የታየው ኀዘን የሥራዎቹን ስፋት ያመለከተ ነበር።

ተመሳሳይ ርዕስ የተለያየ ይዘት ሊኖረው እንደሚችልም ልብ ማለት ያሻል። የድምፃዊ ማሕሙድ አሕመድ "ኧረ መላ መላ" እ.ኤ.አ በ1975 በካይፋ ሸክላ ታተመ። እ.ኤ.አ በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለው የቤልጅየም አሳታሚ በዚሁ ርዕስ ለአውሮፓ አድማጭ አቀረበው። ቀጥሎም በፈረንሳይ በሚታተመው "ኢትዮፒክስ" ተከታታይ ሰባተኛው ቅጽ ሆኖ ወጣ። ሦስቱም አንድ ስም ቢይዙም ይዘታቸው ሙሉ በሙሉ አንድ አይደለም። ጠንቃቃ ሰብሳቢ ርዕሱን ብቻ ሳይሆን የዘፈኖቹን ዝርዝር፣ የአሳታሚውን ስምና ቁጥሩን የሚመለከተው በዚህ ምክንያት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ2007 ዓ.ም ለማሕሙድ የክብር ዶክትሬት መስጠቱም ይታወሳል።

በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው "ኢትዮፒክስ" እስካሁን ከ30 በላይ ቅጾች ወጥተውለታል። የአስናቀች ወርቁ ክራር፣ የዓለሙ አጋ በገና፣ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖና የአዲስ አበባ አዝማሪዎች ጨዋታ ለዓለም የተዋወቁት በአብዛኛው በዚህ ተከታታይ ነው። ይሁንና ተከታታዩ መራጭ ነው፤ በተለይ ከሸክላ ዘመን በኋላ ከ1970ዎቹ ዓ.ም ጀምሮ በካሴት ብቻ የወጣው ሰፊ ሥራ በአብዛኛው ከእርሱ ውጭ ነው። ሮሃ ባንድና ሌሎች ባንዶች ያጀቧቸው በርካታ ካሴቶች የሚገኙት በዚህ ዘመን ውስጥ ነው።

የጎንደር ዜማ በካሴት

ካሴት ለጎንደርና ለአካባቢው ዜማ ልዩ ትርጉም አለው። የአዝማሪ ጨዋታ በባሕርይው በቦታውና በሰዓቱ የሚፈጠር ነው። አዝማሪው ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው አይቶ ግጥም ይሰጣል፤ ከአድማጩም ግጥም ይቀበላል። ፉከራና ቀረርቶም እንዲሁ እንደ ዕለቱ ስሜት ይረዝማሉ፤ ያጥራሉ። በመሆኑም በካሴት የተቀረፀ አንድ ጨዋታ በዚያው መልክ ዳግመኛ የማይገኝ ነው። እንደ ይርጋ ዱባለ ያሉ ከጎንደር የወጡ የባህል ድምፃውያንን ሥራ ከሙሉ ካሴት ጋር ማጣት ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን አነጋገር፣ የቦታ ስሞችንና የአጨዋወት ስልቱን ጭምር ማጣት ይሆናል።

የካሴት ሽፋንም ራሱን የቻለ መረጃ ነው። የግጥምና የዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪው፣ አጃቢው ባንድና አከፋፋዩ የሚታወቁት ብዙውን ጊዜ ከዚያች ትንሽ ወረቀት ነው። ዘፈኑ ወደ ስልክ ሲገለበጥ በአብዛኛው የሚተላለፈው የድምፃዊው ስምና የዘፈኑ ርዕስ ብቻ በመሆኑ ደራሲውና አቀናባሪው ይረሳሉ።

የኅልፈተ ሕይወት ዜና በተሰማ ማግስት የአንድን ድምፃዊ ሥራ ፍለጋ መሯሯጥ የተለመደ ነው። ከጎንደር የወጣውና "ስወድላት" በተሰኘው አልበሙ ይበልጥ የታወቀው ድምፃዊ ማዲንጎ አፈወርቅ መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም በድንገት ባረፈ ጊዜ ይኸው ታይቷል። የማዲንጎ ሥራዎች በዲጂታል ዘመን የወጡ በመሆናቸው ማግኘቱ አላስቸገረም። ለቀደሙት ድምፃውያን ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ጊዜው ለምን ያጥራል?

የካሴት ክር ከስስ ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን ድምፁን የሚይዘው በላዩ የተለበጠው መግነጢሳዊ የብረት ኦክሳይድ ነው። ልባጩን ከፕላስቲኩ ጋር የሚያያይዘው ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ይላላል። አቧራ ክሩን ይፋቃል፤ ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ማስቀመጥ ደግሞ የድምፁን ጥራት ሊጎዳ ይችላል። እንደ ሳንጃ ባለ ሞቃት ሥፍራ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለዓመታት የቆየ ካሴት ለእነዚህ ችግሮች የበለጠ የተጋለጠ ነው። በሌላ በኩል ደህና የቴፕ ማጫወቻና ጠጋኙ ባለሙያ ከዓመት ወደ ዓመት እየተመናመኑ ነው።

ሥራው የሚጠይቀው ነገር ሲሰላ ከአቅም በላይ አይደለም። የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ መቶ ካሴት መቶ ሰዓት ይፈልጋል ማለት ነው። በሲዲ የጥራት ደረጃ የተቀዳ አንድ ሰዓት ድምፅ ከ600 ሜጋባይት ጥቂት ከፍ ያለ ቦታ ይይዛል፤ ቤተ መዛግብት በሚመርጡት ከፍተኛ ጥራት ሲቀዳ ደግሞ ሁለት ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። በስልክ የሚዘዋወረው የተጨመቀ ቅጂ ከዚህ እጅግ ያነሰ ቦታ ቢይዝም ሲጨመቅ የጠፋው ድምፅ ተመልሶ አይገኝም። ስለሆነም ለጥበቃ የሚቀመጠው ቅጂ ያልተጨመቀ እንዲሆን፣ የሽፋኑ ሁለት ገጽም ፎቶግራፍ ተነስቶ ከድምፁ ጋር እንዲቀመጥ ይመከራል። ካሴቱም ከተገለበጠ በኋላ ሊጣል አይገባም፤ ቀዝቀዝና ደረቅ ባለ ቦታ ቁሞ መቀመጥ አለበት።

ሕጉ ምን ይላል?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የድምፃዊውን፣ የደራሲውንና የአሳታሚውን መብት ይጠብቃል። አዋጁ በ2007 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የከዋኙና የድምፅ ሪከርዲንግ አሳታሚው መብትም እንዲሁ የ50 ዓመት ዕድሜ ተሰጥቶታል። አንድ የቆየ ሸክላ የአሳታሚነት መብቱ ዕድሜ ቢያበቃም የግጥሙና የዜማው ደራሲ መብት ገና ሊጸና እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል። "አሮጌ ነው፤ ባለቤት የለውም" በሚል አባዝቶ መሸጥ በሕግ ያስጠይቃል። ሆን ተብሎ የሚፈጸም ጥሰት በእሥራት እንደሚያስቀጣም በአዋጁ ተደንግጓል።

ሕጉ ግን ጥበቃን አይከለክልም። አንድ ግለሰብ በእጁ ካለው የታተመ ሥራ ለግል መገልገያው አንድ ቅጂ ቢሠራ የሚፈቀድበት አግባብ አለ። ለትርፍ ላልተቋቋሙ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብትም ቅጂ ለማቆየት ወይም የተበላሸውን ለመተካት የሚያስችል ድንጋጌ በአዋጁ ተካቷል። ልዩነቱ የዓላማ ነው፤ ማቆየትና መሸጥ በአንድ ሚዛን አይታዩም።

ከየጽሕፈት ቤቱ ምን ይጠበቃል?

በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የአገሪቱን የመረጃ ሀብት የመሰብሰብና የመጠበቅ ኃላፊነት ተሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ካሴቱ ያለው በየወረዳው፣ በየግለሰቡ ቤት በመሆኑ ሥራው ከታች ካልተጀመረ ከላይ ብቻ ሊሳካ አይችልም።

የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በመጀመሪያ ደረጃ ሊያከናውነው የሚችለው ካሴት መሰብሰብ ሳይሆን መመዝገብ ነው። በማን እጅ የማን ሥራ እንዳለ፣ ሽፋኑ መኖር አለመኖሩ፣ ክሩ ይሠራ እንደሆነ በአንድ መዝገብ ማስፈር ብዙ በጀት አይጠይቅም። ሰብሳቢው ንብረቱ እንደማይወሰድበት በጽሑፍ ሊረጋገጥለት ይገባል፤ ለዘመናት ለማንም ሳያውስ የጠበቀውን ካሴት ያለ ዋስትና አሳልፎ እንዲሰጥ መጠበቅ አይቻልምና። ቀጥሎ በአቅራቢያ ከሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ወይም የኅብረተሰብ ሬዲዮ ጣቢያ ጋር በመተባበር በቅድሚያ ሌላ ቦታ የማይገኙትን ሥራዎች ለይቶ መገልበጥ ይቻላል።

የሚወዱትን ድምፃዊ ሥራ አንድም ሳያስቀሩ ለመያዝ የደከሙ ሰዎች ይህን ያደረጉት ለደመወዝ ወይም ለሹመት ሳይሆን ከፍቅር የተነሳ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰብሳቢዎች ባለፉ ቁጥር ሣጥኑ ለማያውቀው ወራሽ ይተላለፋል፤ ወይም ከቤት ዕቃ ጋር ይጣላል። በየሣጥኑ ያለው ክር ገና ድምፅ በሚሰጥበት በአሁኑ ወቅት የሚደረግ ምዝገባ ነገ በብዙ ወጪ የማይገኘውን ሀብት ዛሬ በጥቂት ድካም ለማትረፍ ያስችላል።