ፕሮግራም መቆም ያለበት መቼ ነው?

የፕሮግራም ቋንቋው ራስት ስህተትን ለሁለት ይከፍላል። ፋይል ከጠፋ ወይም ኔትወርክ ከተቋረጠ ፈንክሽኑ «ሪዘልት» ይመልሳል፤ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው የጠራው ኮድ ነው። 10 ቦታ ካለው አሬይ 11ኛውን ከጠየቃችሁ ግን ፕሮግራሙ «ፓኒክ» አድርጎ ይቆማል፤ ጥፋቱ የኮዱ ስለሆነ በተሳሳተ ዳታ ከመቀጠል ማቆም ይሻላል።

ክፍፍሉን በጣም እወደዋለሁ። ከባዱ ነገር ወሰኑን ማስመር ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1996 አሪያን 5 ሮኬት ላይ ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ 16 ቢት ሲቀየር ቦታው አልበቃውም። በኤዳ ቋንቋ የተጻፈው ሶፍትዌር እዚያ ቦታ ላይ ስህተቱን የሚይዝ ኮድ አልነበረውም፤ የአቅጣጫ መለኪያው ኮምፒውተር ሥራውን አቆመ። መጠባበቂያውም በዚያው ስህተት ቀድሞ ቆሞ ነበር። ሮኬቱ ከተነሳ በ40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተበታተነ። የሚያናድደው፣ ያ ቁጥር የመጣበት ስሌት ሮኬቱ ከተነሳ በኋላ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር።