ልጅ ማንን ይመስላል? ስለ ባሕርይ ውርስ ጥቂት ማብራሪያ

ሕፃን በተወለደ ጊዜ አራስ ጠያቂው ሁሉ ገንፎውን ከመቅመሱ በፊት የሚመረምረው ነገር አለ፤ ይኸውም አፍንጫው የማን ነው፥ ግንባሩስ ወደ ማን ሄደ የሚለው ነው። ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ በሣቅ ያልቃል። የማያልቅበትም ጊዜ አለ። ጠይም ወላጆች ቆዳውና ጠጕሩ የነጣ ልጅ ሲወልዱ ሐሜቱ በእናቲቱ ላይ ይዘንባል፤ ሴት ልጆችን በተከታታይ የወለደችም ሴት «ማሕፀንዋ ወንድ አይዝም» ተብላ ጣውንት መጥቶባታል። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ብንሆንም፥ ነገሩ ለሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ብቻ የሚተው ስላልመሰለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ስሕተት ቢያገኙባት በሚቀጥለው ዕትም ይውቀሱን።

ቀድሞ ብዙ ሊቃውንት የአባትና የእናት ባሕርይ በልጅ ላይ እንደ ቡናና ወተት ይቀላቀላል ይሉ ነበር። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ሰው ሁሉ አንድ መልክ በያዘ ነበር። ሐሳቡን ያፈረሰው ግሬጎር ሜንዴል የተባለ መነኵሴ ነው። ዛሬ በቼክ አገር በምትገኘው በብርኖ ከተማ፥ በገዳሙ አትክልት ቦታ ከ1856 እስከ 1863 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) አተር እየዘራ ይመረምር ነበር። አተር መሆኑ ከምግብ ቤታችን ክክ ወጥ ጋር ያለንን የቆየ ጠብ ያበርድልን ይሆናል።

ሜንዴል ድቡልቡል ፍሬ የሚሰጠውን አተር ጭምድድ ያለ ፍሬ ከሚሰጠው ጋር አዳቀለ። የመጀመሪያው ትውልድ ፍሬ ሁሉ ድቡልቡል ሆነ። እነዚህን ዘርቶ ራሳቸውን በራሳቸው እንዲራቡ ቢተዋቸው ግን፥ ከ7,324 ፍሬዎች 5,474ቱ ድቡልቡል፥ 1,850ው ጭምድድ ሆነው ተገኙ። ሦስት ለአንድ ያህል መሆኑ ነው። የጠፋ የመሰለው ባሕርይ ተሸሽጎ ኖሯል።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ለእንዲህ ያለ ባሕርይ ከአባት አንድ፥ ከእናት አንድ ትእዛዝ ይወረሳል፤ ዛሬ ጂን የምንለው ነው። ጉልሁ ጂን ብቻውን ቢሆንም ይታያል፤ ስውሩ ግን ሁለት ሆኖ ካልተገናኘ አይታይም። ድቡልቡሉን «ድ»፥ ጭምድዱን «ጭ» ብንላቸው፥ ሁለት «ድጭ» ወላጆች ሲገናኙ ድድ፥ ድጭ፥ ጭድ፥ ጭጭ ይወጣል (ድድና ጭድ መምጣታቸው የፊደላችን ቀልድ ነው እንጂ የሜንዴል አይደለም)። ከአራቱ ጭምድድ የሚሆነው ጭጭ ብቻ ነው። ሜንዴል ይህን በ1866 አሳተመ፤ ሰሚ ሳያገኝ በ1884 ሞተ፤ ሥራው እንደ ገና የታወቀው በ1900 ነው።

እንግዲህ ወደ ነጣው ሕፃን እንመለስ። አልቢኖ የሚባለው ይህ ሁኔታ የሚመጣው ለቆዳና ለጠጕር ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ሲጐድል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በስውር ጂን ይተላለፋል። አባትና እናት አንዳንድ ስውር ጂን ተሸክመው፥ ራሳቸው ጠይም ሆነው ይኖራሉ። በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሁለቱንም የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ከሐሜተኞቹ መካከል ግን «አባትየውም ግማሹን ሰጥቷል» የሚል እስካሁን አልሰማንም።

የወንድና የሴት ነገር ከዚህም ይቀልላል። ሰው 46 ክሮሞዞም አለው፤ 23ቱ ከእናት፥ 23ቱ ከአባት ናቸው። እንደ ተለመደው ሴት ሁለት ኤክስ፥ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አላቸው። እናት የምትሰጠው ኤክስ ብቻ ነው፤ ሌላ የላትም። ልጁን ወንድ የሚያደርገው ዋይ የሚመጣው ከአባት ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኔቲ ስቲቨንስ በ1905 ይህን በጥንዚዛ ላይ አሳይታለች። ሦስት ልጆች ካሏቸው ስምንት ቤቶች፥ በአማካይ በአንዱ ሦስቱም ሴቶች ይሆናሉ።

ሁሉ ነገር እንደ አተር ቀላል አይደለም፤ ቁመትን ብዙ ጂኖች ይወስኑታል፥ ምግብም ይጨመርበታል።

ከመካከላችን አራት እኅቶች ያሉት አንዱ፥ በክረምት ዕረፍት ይህን ሁሉ ለአያቱ አስረድቶ ነበር። እሳቸውም እስከ መጨረሻው ካዳመጡት በኋላ «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፥ ለአባትህ ንገረው እንጂ» አሉት።