የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በሥነ ጥበብ ክፍል እንዴት ይሰጥ?

የላስታዋ ገነተ ማርያም የግድግዳ ሥዕሎች በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሣሉ ናቸው። የሰሜን ወሎ ልጅ ይህን ቅርስ በሥነ ጥበብ ክፍል ሊያውቀው ይገባል። ይሁንና በሐራና አካባቢዋ የሙስሊምና የክርስቲያን ልጆች በአንድ ክፍል ይማራሉ፤ የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ይደነግጋል።

ስለዚህ መምህሩ ማስተማር ያለበት አምልኮውን ሳይሆን ስልቱን ነው። በትውፊቱ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉዎች ግን ብዙውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ተማሪው ይህን ቅዱሳንን ሳይሥል በተረቶቹ ጅብና አህያ ሊለማመደው ይችላል። ከሁሉ የሚመቸው ግን የብራና መጻሕፍትን ገጽ የሚያስጌጠው ሐረግ ነው፤ በአብዛኛው የተጠላለፈ መስመር እንጂ የሰው መልክ ስለሌለው፣ እርሳስና ማስመሪያ የያዘ ልጅ ሁሉ ይሞክረዋል።