ተከታታይ ልቦለድ በራስ ወጪ

በራሳችሁ ወጪ የምናብ ልቦለድ በተከታታይ ለማሳተም ላሰባችሁ፣ በአርታኢነት ሥራዬ ያየሁትን ላካፍላችሁ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»፣ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» አንባቢያችን ቀጣዩን ክፍል በጉጉት እንደሚጠብቅ አሳይተውናል። ፈተናው ገንዘቡ ላይ ነው። ማተሚያ ቤት ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል፤ አከፋፋይ ግን ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ከተሸጠ በኋላ፣ ያውም ኮሚሽኑን ቆርጦ ነው የሚከፍለው። እስከዚያ የወረቀት ዋጋ ይንራል፤ ሁለተኛው ቅጽ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ያሳዝነኛል! ከወረቀት ይልቅ በኢ-መጽሐፍ ልሞክር ብትሉ ደግሞ፣ የአማዞን የራስ ኅትመት አገልግሎት (ኬዲፒ) የቋንቋ ዝርዝር አማርኛን አይጨምርም። በእንግሊዝኛ ከጻፋችሁ ግን ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር በሚሸጥ ኢ-መጽሐፍ እስከ 70 በመቶ ታገኛላችሁ።

በየትኛውም መንገድ ብታሳትሙ፣ የመጀመሪያውን ቅጽ ከማሳተማችሁ በፊት የሁለተኛውን ረቂቅ ጨርሱ። የገጸ ባሕርያት መዝገብም ያዙ፤ በቅጽ አንድ ግራ እጁን ያጣ ጀግና በቅጽ ሁለት በሁለት እጁ ጋሻና ጦር ቢይዝ አንባቢ አይምራችሁም።