«1200 ዋት» የተባለው ሰብውፈር በ300 ዋት አምፕ ለምን ተቃጠለ?

የታናሽ ወንድሜ ኮሮላ ላይ የተገጠመው ሰብውፈር ወር ሳይሞላው ዝም አለ። ፈትቼ ሳሸተው ኮይሉ ተቃጥሏል። «ካርቶኑ ላይ 1200 ዋት ይላል፤ አምፑ 300 ብቻ ነው። እንዴት ያቃጥለዋል?» አለኝ። በጣም አዘንኩ፤ ገንዘቡን ያጠራቀመው ወራት ፈጅቶበት ነው።

1200ው ስፒከሩ ለቅጽበት ብቻ የሚችለው ነው። ዘፈኑን ሙሉ ተሸክሞ የሚዘልቀው ኃይል አርኤምኤስ ይባላል፤ መመሪያው ላይ በደቃቅ ፊደል 300 ተብሎ ተጽፏል። የአምፑም አርኤምኤስ 300 ነው፤ ስለዚህ ግዢው ልክ ነበር።

ችግሩ የአምፑ ጌን ነው። የገጠመለት ሰው ቤዙ እንዲመታ ብሎ እስከ መጨረሻው አዙሮታል። ጌን ግን ድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ከቴፑ የሚመጣውን ሲግናል ከአምፑ አቅም ጋር ማስማሚያ ነው። ከልኩ ሲያልፍ የሞገዱ አናት ይቆረጥና አራት ማዕዘን ወደመሆን ይጠጋል። እንዲህ ያለ ሞገድ እስከ እጥፍ የሚደርስ ኃይል ስለሚይዝ፣ 300 የሚችለው ኮይል ወደ 600 ሊጫንበት ይችላል። ያንን ሙቀት አይቋቋመውም።

ዋቱን ከኦሙ ነጥላችሁ አታንብቡ። የእኛ ሰብውፈር ባለ ሁለት ኮይል ነው፤ እያንዳንዱ 4 ኦም። ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭን ከኔጋቲቭ ካገናኛችሁ 2 ኦም ይሆናል፤ አንዱን ኮይል ከሌላው ካስከተላችሁ 8። አምፓችን 300ውን የሚሰጠው በ2 ኦም ነው፤ በ8 ብዙውን ያጣል። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰብውፈሮችን ሁሉንም ኮይል ጎን ለጎን ካሰራችሁ ደግሞ ወደ 1 ኦም ይወርዳል፤ ከ2 በታች የማይችል አምፕ ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል፣ ሊበላሽም ይችላል።

የባትሪው ሽቦ ንጹህ መዳብ ይሁን፤ ፊውዙንም ባትሪው አጠገብ አድርጉ። ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ቦዲ ቢነካ መኪናውን ከእሳት የሚያድነው እሱ ነው።

አዲሱን ሰብውፈር ትናንት ራሴ ገጠምኩት። መጀመሪያ የስፒከሩን ሽቦ ነቀልኩ፣ ቤዝ ቡስቱን አጠፋሁ፣ የቴፑን ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ አድርጌ የ50 ኸርዝ የሙከራ ድምፅ ከፈትኩ። አምፑ መስጠት ያለበትን ቮልት ለማወቅ 300 ዋቱን በ2 ኦም አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት ነው፤ 24.5 ቮልት ይመጣል። ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርጌ ከአምፑ መውጫ ጋር አገናኘሁና ጌኑን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። 24.5 ሲል አቆምኩ። ጌኑ ገና ግማሽ እንኳ አልደረሰም ነበር።